ዕድሜና ሚዛን፤ የካራቴ ተወዳዳሪዋ የሳንድራ ሳንቼዝ ታሪክ

በስፖርት ዓለም አሸናፊውን ከተሸናፊው የሚለየው መሣሪያ እንደየስፖርቱ ጠባይ ይለያያል። ሯጭ በሰዓት፣ ዘላይ በሜትር፣ ክብደት አንሺ በኪሎ ይለካል። እንደሚታወቀው ማሞ ወልዴ እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ ኦሊምፒክ በማራቶን ወርቅ ሲያገኝ የ36 ዓመት ሰው ነበር፤ ከአራት ዓመት በኋላም በሙኒክ በ40 ዓመቱ በዚያው ሩጫ የነሐስ ሜዳልያ ተሸልሟል። በዚያን ጊዜ ዕድሜውን ምክንያት አድርጎ ሊከራከር የሚነሣ ሰው ቢኖር ኖሮ መልሱን የሚሰጠው ሰዓቱ ራሱ ነበር፤ ሰዓት የሯጭን የልደት ዘመን አይጠይቅምና።

ዳሩ ግን ሰዓትም ሜትርም ኪሎም የማይደርስባቸው ስፖርቶች አሉ። በእነዚህ ውስጥ ፍርዱን የሚሰጠው የሰው ዓይን ነው። የሰው ዓይን ደግሞ ፊት ለፊቱ ያለውን ብቻ ሳይሆን ባለቤቱ አስቀድሞ የሚያምነውንም ነገር ይዞ ይቀርባል። ከእነዚህ ስፖርቶች አንዱ ካታ የተባለው የካራቴ ክፍል ነው። እስፔናዊቷ ሳንድራ ሳንቼዝ በዚሁ ክፍል ሠላሳ ዓመት ካለፋት በኋላ በአገሯ ብሔራዊ ቡድን ተሰልፋ፣ አርባኛ ዓመቷን ለመድፈን ከሁለት ወር ያነሰ ጊዜ ሲቀራት በካራቴ ታሪክ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ ሜዳልያ የወሰደች ሴት ናት። የእርሷ የውድድር ዘመን ከድል ዝርዝር በላይ የሚያስነሣው ጥያቄ አለ። ይኸውም የአንድ ሰው ችሎታ «አበቃ» የሚባለው በእርግጥ ተለክቶ ነው ወይስ ተገምቶ? የሚለው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካታና አመጣጡ

ካራቴ በጃፓን ቋንቋ «ባዶ እጅ» ማለት ነው። ጥበቡ የተወለደው ግን በዋናዎቹ የጃፓን ደሴቶች ሳይሆን ከእነርሱ በስተደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በኦኪናዋ ነው። ኦኪናዋ የራሱ ንጉሥ የነበረው የሪዩኪዩ መንግሥት እምብርት ስትሆን ከቻይና ጋር የንግድና የመልእክተኛ ግንኙነት ነበራት፤ ስለዚህም የአገሬው የትግል ስልት ከቻይናው ስልት ጋር እየተዋሐደ አደገ። መንግሥቱ በ1879 ወደ ጃፓን ከተጠቃለለ በኋላ ጥበቡ ቀስ በቀስ ወደ ኦኪናዋ ትምህርት ቤቶች ገባ፤ በ1922 ጊቺን ፉናኮሺ የተባለው መምህር በቶኪዮ ለሕዝብ ካሳየው ወዲህ ደግሞ በመላ ጃፓን እየታወቀ ሄደ። ከፉናኮሺ ሌላ ኬንዋ ማቡኒ (1889–1952) የተባለው የኦኪናዋ ተወላጅ ከሁለት ታላላቅ መምህራን የተማረውን አዋሕዶ ሺቶ ሪዩ የተባለውን ስልት መሠረተ። የስልቱም ስም የተቀነባበረው ከሁለቱ መምህራን ስሞች የመጀመሪያ ፊደላት ነው። ሳንድራ ሳንቼዝ የተወዳደረችው በዚሁ በሺቶ ሪዩ ስልት ነው።

የካራቴ ውድድር ሁለት ክፍሎች አሉት። ኩሚቴ የሚባለው ሁለት ተጋጣሚዎች ፊት ለፊት ቆመው የሚፋለሙበት ነው። ካታ ግን ተወዳዳሪው ብቻውን ምንጣፍ ላይ ወጥቶ፣ በዓይን የማይታዩ ባላጋራዎች ከየአቅጣጫው እንደሚመጡበት አድርጎ፣ አስቀድሞ የተወሰነውን የመከላከልና የማጥቃት ቅደም ተከተል የሚያሳይበት ነው። እያንዳንዱ ካታ የራሱ ስም፣ የራሱ ጉዞና የራሱ ፍጥነት አለው፤ የት ላይ በዝግታ እንደሚኬድ፣ የት ላይ እንደ መብረቅ እንደሚወረወር፣ የት ላይ ቆሞ እንደሚተነፈስ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የመጣ ነው። በቶኪዮ ኦሊምፒክ ዘመን በዓለም ካራቴ ፌዴሬሽን ዝርዝር ውስጥ የተመዘገቡት ካታዎች 102 ነበሩ። ተወዳዳሪው ከእነዚህ ይመርጣል እንጂ የራሱን አይፈጥርም። ነገሩን በግንባታ ሥራ ብንመስለው፣ የሕንፃው ንድፍ ለሁሉም አንድ ነው፤ የሚመዘነው የአሠራሩ ጥራት ነው።

ሴቶች በካራቴ መድረክ

የመጀመሪያው የዓለም የካራቴ ሻምፒዮና በ1970 በቶኪዮ ሲካሄድ ተወዳዳሪዎቹ ወንዶች ብቻ ነበሩ። ሴቶች በዓለም ሻምፒዮና ላይ እንዲወዳደሩ የተፈቀደው ከዐሥር ዓመት በኋላ በ1980 ነው፤ ውድድሩም የተደረገው በእስፔን ዋና ከተማ በማድሪድ ነበር። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዐሠርት ዓመታት የሴቶች ካታ በአብዛኛው የጃፓን ሴቶች ርስት ሆኖ ቆየ። ለምሳሌ ያህል አትሱኮ ዋካይ የተባለችው ጃፓናዊት ከ1998 እስከ 2004 ድረስ በተከታታይ አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። ከሌላ አገር የሚመጣ ተወዳዳሪ ጥበቡን ከባለቤቶቹ አስበልጦ ሊያሳይ ይችላል ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ አልነበረም።

ወደ ኦሊምፒክ የሚወስደው ጎዳናም ረጅም ነበር። ካራቴ በኦሊምፒክ ውስጥ ቦታ እንዲያገኝ በ2005፣ በ2009 እና በ2013 ጥያቄው ቀርቦ ሦስት ጊዜ ሳይሳካ ቀረ። በመጨረሻ ኦገስት 3 ቀን 2016 የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ በሪዮ ዴ ጃኔሮ ባደረገው ጉባኤ ካራቴ ከሌሎች አራት ስፖርቶች ጋር በቶኪዮው የ2020 ኦሊምፒክ እንዲጨመር ወሰነ። ለሴቶች አራት፣ ለወንዶች አራት፣ በድምሩ ስምንት የውድድር ዓይነቶች ተፈቀዱ። ይህ ውሳኔ ሲተላለፍ ሳንድራ ሳንቼዝ 35ኛ ዓመቷን ልትይዝ ተቃርባ ነበር።

ከታላቬራ እስከ ኢስታንቡል

ሳንድራ ሳንቼዝ የተወለደችው ሴፕቴምበር 16 ቀን 1981 በቶሌዶ አውራጃ በምትገኘውና በሸክላ ሥራዋ በታወቀችው በታላቬራ ዴ ላ ሬይና ከተማ ነው። ወላጆቿ ወንድ ልጃቸውን ካራቴ፣ እርሷን ደግሞ ዳንስ እንዲማሩ ቢያስገቧቸውም፣ ሕፃኗ ልቧ የተሳበው ወንድሟ ወደሚማርበት ነበርና እርሷም ካራቴ እንድትማር ተፈቀደላት። ካደገች በኋላ በከፍተኛ ትምህርት የሰውነት ማጎልመሻና የስፖርት ሳይንስ አጠናች።

በወጣትነቷ ወደ ብሔራዊ ቡድን የሚያደርሰውን ጎዳና ጀምራ ሳለች እናቷ በካንሰር ታመሙ። ሳንቼዝም የጀመረችውን አቋርጣ ወደ ቤተሰቧ ተመለሰች፤ ከእናቷም አጠገብ ሆነች። ይህ ምርጫ ዋጋ ነበረው። በስፖርት ድርጅቶች ዘንድ አንድ ጊዜ የተለቀቀ ቦታ ባለቤቱ እስኪመለስ አይጠብቅም፤ ከኋላ የሚመጡ ወጣቶች ይሞሉታል። ሳንቼዝ ከዚያ በኋላ እስከ አውስትራሊያ ድረስ ሄዳ ቆይታ ወደ አገሯ ተመለሰች። በዚያም ወራት ሔሱስ ዴል ሞራል ከተባለው አሠልጣኝ ጋር መሥራት ጀመረች፤ ይኸው ሰው በኋላ የትዳር ጓደኛዋ ሆኗል። ወደ ብሔራዊ ቡድን ለመግባት ዕድሜዋ እንዳለፈ የሚነግሯት ሰዎች በዚህ ጊዜ አልጠፉም።

እነዚህ ሰዎች ክፉ አሳቢዎች ነበሩ ለማለት አይቻልም። የብሔራዊ ቡድን መራጭ የሚሠራው በተወሰነ ገንዘብና በተወሰነ ቦታ ነው፤ ለሃያ ዓመት ወጣት የሚወጣው ወጪ ለዐሥር ዓመት ያገለግላል ብሎ ያሰላል፤ ለሠላሳ ዓመት ሴት የሚወጣውን ግን የዕድሜ ገደብ እንዳለው ዕቃ አድርጎ ይቆጥረዋል። ስሌቱ በአማካይ ሲታይ ስሕተት ላይሆን ይችላል። ነገር ግን አማካይ ስለ ብዙዎች ይናገራል እንጂ ከፊት ስለ ቆመችው ስለ አንዲቱ ሴት ምንም አይናገርም። ስለ እርሷ ለማወቅ የሚቻለው ወደ ምንጣፉ አውጥቶ በማየት ብቻ ነው።

ወደ ምንጣፉም ወጣች። በ2015 በኢስታንቡል በተደረገው የአውሮፓ ሻምፒዮና በ33 ዓመቷ የመጀመሪያውን የአውሮፓ ማዕረጓን አገኘች። ከዚያ ወዲህ በ2016 በሞንፔሊዬ፣ በ2017 በኮጃኤሊ፣ በ2018 በኖቪ ሳድ፣ በ2019 በጓዳላሃራ ማንም ሳይነጥቃት ማዕረጉን ይዛ ቆየች። ብዙ ተወዳዳሪዎች በሚሰናበቱበት ዕድሜ እርሷ ገና መጀመሯ ነበር።

ሁለቱ ተቀናቃኞች

በአውሮፓ ማሸነፍ አንድ ነገር ነው፤ በዓለም ማሸነፍ ግን ሌላ ነው። በዓለም መድረክ ኪዮ ሺሚዙ ነበረች። ይህች ጃፓናዊት በዲሴምበር 1993 የተወለደች ስትሆን ከሳንቼዝ በ12 ዓመት ታንሳለች። በ2014 በብሬመን፣ በ2016 ደግሞ በሊንዝ የዓለም ሻምፒዮን ሆና በእጇ ሁለት ማዕረግ ይዛለች። በሊንዝ ሳንቼዝ ያገኘችው የነሐስ ሜዳልያ ነበር።

በኖቬምበር 2018 የዓለም ሻምፒዮና ወደ ማድሪድ ተመለሰ። ሴቶች በ1980 ለመጀመሪያ ጊዜ የተወዳደሩባት ከተማ በ38 ዓመቷ የራሷን አገር ልጅ በፍጻሜው አየች። ሳንቼዝ በአገሯ ሕዝብ ፊት ሺሚዙን አሸንፋ በ37 ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ይሁን እንጂ ይህ ድል የተገኘው በአገሯ አዳራሽ ነውና በቶኪዮ የሚሆነው ሌላ ነው የሚል ጥርጣሬ መኖሩ የማይቀር ነበር። ጥርጣሬውን ለማስወገድም ሆነ ለማጽናት በዚያን ጊዜ የነበረው የአዳኘት ዘዴ ብዙ አይረዳም። ምክንያቱን ለመረዳት ዘዴውን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ባንዲራና ነጥብ

እስከ 2018 ድረስ የካታ ውድድር የሚዳኘው በባንዲራ ነበር። ሁለት ተወዳዳሪዎች አንደኛዋ ቀይ፣ ሌላዋ ሰማያዊ ቀበቶ ታጥቀው በየተራቸው ካታቸውን ያሳያሉ፤ አምስት ዳኞችም በአንድ ጊዜ የመረጡትን ባንዲራ ያነሣሉ። ቀይ ሦስት ከሆነ ቀይ አሸነፈ ማለት ነው። ዘዴው ፈጣን ነው፤ ተመልካችም ወዲያው ይረዳዋል። ጉድለቱ ግን ግልጽ ነው። ባንዲራ «ማን» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል እንጂ «በምን» እና «በምን ያህል» ለሚሉት መልስ የለውም። በጥቂቱ የበለጠችውም በእጅጉ የበለጠችውም አንድ ዓይነት ባንዲራ ይነሣላቸዋል። ተሸናፊዋ ጉድለቷ አቋቋሟ ላይ ይሁን ፍጥነቷ ላይ የምታውቅበት መዝገብ የለም።

ለኦሊምፒክ ሲባል ከ2019 ጀምሮ ዘዴው ተለወጠ። በአዲሱ ደንብ መሠረት ሰባት ዳኞች ለእያንዳንዷ ተወዳዳሪ ሁለት ዓይነት ነጥብ ይሰጡ ነበር። የመጀመሪያው የቴክኒክ ነጥብ ነበር፤ አቋቋምን፣ የቡጢና የርግጫን ትክክለኛነት፣ ከአንዱ እንቅስቃሴ ወደ ሌላው መሸጋገርን፣ የጊዜ አጠባበቅን፣ አተነፋፈስንና ካታው ከተወረሰው ሥርዓት ጋር መስማማቱን ይመለከት ነበር። ሁለተኛው የአትሌቲክስ ነጥብ ሲሆን ኃይልን፣ ፍጥነትንና ሚዛን መጠበቅን ይመለከት ነበር። ነጥቡ ከ5.0 እስከ 10.0 ሲደርስ የሚጨመረውም በ0.2 በ0.2 ነበር። ከሰባቱ ነጥቦች ሁለቱ ከፍተኞችና ሁለቱ ዝቅተኞች ይጣሉና የቀሩት ሦስቱ ይደመሩ ነበር። ከዚያም የቴክኒኩ ድምር በ0.7፣ የአትሌቲክሱ ድምር በ0.3 ይባዛ ነበር፤ ሁለቱ ሲደመሩ የተወዳዳሪዋ ውጤት ይሆን ነበር። ሊገኝ ይችል የነበረው ከፍተኛ ውጤት 30 ነበር።

ዳር ያሉትን ነጥቦች ጥሎ መካከለኞቹን መውሰድ ከመለኪያ ጋር የሚሠራ ባለሙያ ሁሉ የሚያውቀው ዘዴ ነው። አንድ ዳኛ በወገናዊነት ወይም በድካም ነጥቡን አለቅጥ ቢያወጣው ወይም ቢያወርደው ውጤቱን አያበላሽም። ሆኖም ዘዴው የማያስወግደው ሌላ የስሕተት ዓይነት አለ። ሚዛኑ ራሱ ከመነሻው ያዘነበለ ከሆነ ሰባት ጊዜ ቢመዝኑበትም ሰባት ጊዜ ያሳስታል። ሰባቱም ዳኞች «ካታ የጃፓን ነው» ወይም «ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ሴት ፍጥነቷ ቀንሷል» ብለው አምነው ቢቀመጡ፣ ዳር ዳሩን መቁረጥ ይህን የጋራ እምነት አይቆርጠውም። ስለዚህ አዲሱ ደንብ ከዳኛው ዓይን ላይ እምነቱን ባያጥብም አንድ ትልቅ ነገር አድርጓል፤ ፍርዱ ከየትኛው ክፍል እንደ መጣ በመዝገብ እንዲቀር አድርጓል።

የቶኪዮ ቀን

ኦሊምፒኩ በ2020 ይደረጋል ተብሎ ሲጠበቅ የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ስለ አዳረሰ በማርች 2020 ለአንድ ዓመት ተላለፈ። ለሃያ ዓመት ወጣት የአንድ ዓመት መዘግየት የመማሪያ ጊዜ ነው፤ ለሠላሳ ስምንት ዓመት ተወዳዳሪ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። በዚህ መካከል ሌላም ነገር ታውቆ ነበር። በፌብሩዋሪ 2019 የፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ አዘጋጆች ሊጨምሯቸው ከፈለጓቸው ስፖርቶች ውስጥ ካራቴ አልነበረም። ይህም ማለት ለሳንቼዝ የተከፈተው በር አንድ ብቻ ነው፤ በቶኪዮ ካለፈች አለፈች፤ ካላለፈች ለሚቀጥለው ጊዜ የሚባል ነገር የለም። በዓለም የደረጃ ሰንጠረዥ ባገኘችው ውጤት ለውድድሩ በቃች፤ ሰውነቷን ለአንድ ተጨማሪ ዓመት በዚያው ብቃት ላይ ማቆየትም ግዴታዋ ሆነ።

ውድድሩ የተካሄደው ኦገስት 5 ቀን 2021፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. በቶኪዮ በኒፖን ቡዶካን ነው። ይህ አዳራሽ አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ላገኘበት ለ1964ቱ ኦሊምፒክ የጁዶ ውድድር እንዲሆን የተሠራ ሲሆን፣ ለጃፓን የትግል ጥበብ ሰዎች እንደ መቅደስ የሚከበር ነው። በዚያን ቀን ግን በወረርሽኙ ምክንያት የተመልካች ወንበሮቹ ባዶ ነበሩ። የሴቶች ካታ የመጀመሪያው ውድድር ስለ ነበረ፣ ያሸነፈችው ሴት ከወንዱም ከሴቱም በካራቴ የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ትሆናለች።

ለፍጻሜ የቀረቡት እንደ ተጠበቀው ሳንቼዝና ሺሚዙ ነበሩ። ሁለቱም ለፍጻሜው ያሳዩት አንድ ካታ ነበር፤ ስሙም ቻታንያራ ኩሻንኩ ይባላል። ቻታን የኦኪናዋ ቦታ፣ ያራ የመምህር ስም ሲሆን፣ ኩሻንኩ ደግሞ በዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ወደ ኦኪናዋ እንደ መጣ የሚነገርለት የቻይና ሹም ስም ነው። የሁለቱ ሴቶች አንድ ካታ መምረጥ ለሚመዝን ሰው የተመቸ ነበር፤ ንድፉ አንድ በመሆኑ የሚነጻጸረው አሠራሩ ብቻ ሆነ።

ውጤቱ ሲነገር ሳንቼዝ 28.06፣ ሺሚዙ 27.88 አገኙ። ልዩነቱ 0.18 ነው፤ ከሳንቼዝ ውጤት ጋር ሲነጻጸር ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ከዚህ በላይ የሚያስገርመው ግን ልዩነቱ የመጣበት ቦታ ነው። የሁለቱም የቴክኒክ ድምር 28.0 ሲሆን በ0.7 ሲባዛ ለእያንዳንዳቸው 19.60 ይሰጣል። በተወረሰው ሥርዓት፣ በአቋቋም፣ በአተነፋፈስ ሁለቱ ሴቶች እኩል ናቸው ተባለ ማለት ነው። የአትሌቲክስ ድምራቸው ግን ለሳንቼዝ 28.2፣ ለሺሚዙ 27.6 ነበር፤ በ0.3 ሲባዛ 8.46 እና 8.28 ይሆናል። መላው ልዩነት ያለው እዚህ ላይ ነው። ዳኛ ሊጨምር ከሚችለው ከትንሹ እርከን ሦስቱ ወርቁን ከብሩ ለዩት።

አንባቢ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብሎ ሊያስብ ይገባዋል። አስቀድሞ ይገመት የነበረው ሌላ ነው። በዕድሜ የገፋች ተወዳዳሪ ጎልታ ብትታይ በልምድ ይሆናል፤ በጥበቡ ብስለት ይሆናል፤ በኃይልና በፍጥነት ግን ለወጣቷ ትለቅቃለች ይባል ነበር። መዝገቡ ላይ የሰፈረው የዚህ ተቃራኒ ነው። በጥበቡ እኩል ሆኑ፤ የ39 ዓመቷ ሴት የ27 ዓመቷን የበለጠቻት በኃይል፣ በፍጥነትና ሚዛንን በመጠበቅ ነው። ይህን ውጤት የሰጡት ዳኞች ሰዎች ናቸው፤ ዓይናቸውም እንደ ሰዓት አይደለም፤ ስለዚህ ከ0.18 ውስጥ ከመጠን ያለፈ ትርጉም ማውጣት አይገባም። ይሁን እንጂ በዳኞቹ ዘንድ የጋራ ግምት ነበረ ቢባል እንኳ፣ ግምቱ ሊያዘነብል የሚችለው የጥበቡ ባለቤት ወደሆነችው አገርና ወደ ወጣቷ ነበር። ውጤቱ ግን በሌላው በኩል ወደቀ። በባንዲራው ዘመን ቢሆን ኖሮ ከዚህ ሁሉ ለታሪክ የሚተርፈው የተነሡት ባንዲራዎች ቁጥር ብቻ በሆነ ነበር።

የነሐስ ሜዳልያዎቹን የሆንግ ኮንጓ ግሬስ ላው እና የኢጣሊያዋ ቪቪያና ቦታሮ ወሰዱ። በማግሥቱ በወንዶች ካታ የኦኪናዋው ተወላጅ ሪዮ ኪዩና ወርቁን ሲያገኝ፣ ብሩ ለእስፔናዊው ለዳሚያን ኪንቴሮ ሆነ። ኪንቴሮ በትምህርቱ የአቪየሽን መሐንዲስ መሆኑን የሙያ ባልደረቦቹ ቢያውቁት አይጠሉም።

ከቶኪዮ በኋላ

ሳንቼዝ በኦሊምፒኩ ዓመት በፖሬች በተደረገው የአውሮፓ ሻምፒዮናም ማዕረጓን አስከብራ ነበር። በሴፕቴምበር 2021 አርባ ዓመት ሞላት። ብዙዎች ከቶኪዮ በኋላ ትሰናበታለች ብለው ቢጠብቁም በኖቬምበር በዱባይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ቀርባ ለሁለተኛ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በ2022 በጋዚያንቴፕ ሰባተኛውን የአውሮፓ ማዕረጓን ጨመረች፤ ከ2015 ጀምሮ ውድድሩ በወረርሽኙ ምክንያት ካልተካሄደበት ከ2020 በቀር አንድም ዓመት አላመለጣትም። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር በአሜሪካ በአላባማ ግዛት በበርሚንግሃም ከተማ በተደረገው የዓለም ጨዋታዎች ወርቁን ወስዳ ከውድድር ተሰናበተች። የተሰናበተችውም ሌላ ሰው ጊዜሽ አልፏል ብሎ ሳይሆን ራሷ በመረጠችው ቀን፣ ከአሸናፊነት ላይ ሆና ነው።

ይህ የውድድር ዘመን ለስፖርት መሪዎች ብቻ የሚሆን ትምህርት አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየሥልጠናው ዕድል ማስታወቂያ ላይ የዕድሜ ጣሪያ ይጻፋል። ጣሪያውን የሚጽፈው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ክፋት የለውም፤ ያው እንደ ብሔራዊ ቡድን መራጩ በአማካይ ያሰላል። ነገር ግን የሙያ ሰው ሌላ ልማድ አለው። የኮንክሪትን ጥንካሬ ከመልኩ አይፈርድም፤ ናሙና ወስዶ ይፈትናል። የድልድይን ዕድሜ በተሠራበት ዓመት ብቻ አይወስንም፤ ወርዶ ይመረምራል። ለድንጋይና ለብረት የሚደረገው ይህ ጥንቃቄ ቤተሰብ ለማስታመም ሥራዋን አቋርጣ ለተመለሰች ሴት፣ ዘግይቶ ለጀመረ ባለሙያ ሲነፈግ በብዙ ቦታ ይታያል። ሳንቼዝን ሊያስቀራት የነበረው የችሎታ ጉድለት አልነበረም፤ ሳይለኩ መወሰን ነበር። በ2014 ገደማ በሩ ተዘግቶባት ቢቀር ኖሮ፣ ያልተፈተነ ችሎታ መዝገብ የለውምና፣ ስሕተት መሠራቱን እንኳ ማንም ባላወቀ ነበር።

ካራቴ በፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ አልተካሄደም። በኦክቶበር 2023 የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ለሎስ አንጀለስ 2028 ኦሊምፒክ አምስት ተጨማሪ ስፖርቶችን ሲያጸድቅም ካራቴ በመካከላቸው አልነበረም። ስለዚህ በኦሊምፒክ መዝገብ ላይ በሴቶች ካታ የወርቅ ሜዳልያ ባለቤቶች ተብሎ በተከፈተው ገጽ እስካሁን የተጻፈው አንድ ስም ብቻ ነው፤ እርሱም ለብሔራዊ ቡድን ዕድሜዋ አልፏል የተባለችው የታላቬራ ተወላጅ ስም ነው።